የዳኛው ስንዝር

የወንድሜ ስንዝር ከእኔ ስንዝር በአንድ ጣት ውፍረት ይበልጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ያውም በሰው ፊት፣ በአዳራሽ መካከል፣ ጧፍ እየነደደ።

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አሁን ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳባዛ እውላለሁ። የራሴን አንድ ገጽ ለመጻፍ ግን ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። ብደናቀፍ ታገሡኝ።

ወንድሜ አዳነ ይባላል። ይባል ነበር ማለት አለብኝ፤ እስካሁን አልለመድሁትም። አባታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሱና እማ ናቸው። አዳነ ጋራዥ ውስጥ የማኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ቀኑን የሰው ማኪና ሲቀባ ይውልና ወደ ቤት ሲመጣ የተረፈችውን ቀለም በጠርሙስ ክዳን ይዞ ይገባል። ለሰዎቹ ነው።

«ሰዎቹ» የምንላቸው እሱ ከጭቃ የሠራቸውን፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጠውን ምስሎች ነው። ጭቃውን ከከተማው ወጣ ብላ ወለቃ መንደር ሸክላ ከሚሠሩ ሴቶች ይገዛል፤ ቤት አምጥቶ ያድበለብላል፤ ከዚያ እነሱው ከማሰሮዎቻቸው ጋር እሳት ውስጥ ያስገቡለታል። የሙሽራዋ ካባ ከአንድ ሀብታም ሰው ማኪና የተረፈ ቀይ ነው። የሚዜዎቹ ጃንጥላ የባጃጅ ሰማያዊ፣ የሙሽራዋ በቅሎ ደግሞ ከሚዜዎቹ በቅሎዎች ተለይታ የሚኒባስ ነጭ ናት። ፊታቸውን በመርፌ ጫፍ ነበር የሚሥለው። ትንፋሹን ይይዝና ዓይን ያወጣላቸዋል።

ሰዎቹን የሠራቸው ለአንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ካልገለጽሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም፣ ስለዚህ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት የኮምፔርሳቶ ጣውላ ገጥሞ፣ በካርቶንና በጄሶ ተራራ አቁሞ፣ ከትክል ድንጋይ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ ሠርቷል። ሰርገኞቹ ሙሽራዋን በበቅሎ ይዘው ከትክል ድንጋይ ይነሣሉ። ሳይመሽ ጎንደር፣ ሙሽራው ቤት መድረስ አለባቸው። ከተጫዋቾቹ ግማሹ የሰርገኛው ወገን ነው፤ ግማሹ የመንገዱ ወገን ሆኖ ሁለት የሉዶ ዳይስ እየጣለ ጉም ያለብሳል፣ ወንዝ ይሞላል። ጉሙ እማ ለፈትል ያዘጋጀችው ባዘቶ ነው። ፀሐዩ ጧፍ ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ይለኮሳል፣ ነዶ ሲያልቅ መሸ ማለት ነው። በቅሎዋ በየተራው አንድ ስንዝር ትሄዳለች፤ ጉም ካለ ግማሽ።

መጀመሪያ ሲጫወቱት የሰፈሩ ልጆች «የማን ስንዝር?» ብለው ተጣሉ። አዳነ ሳቀና «የዳኛው» አለ። ሕግ ሆነ። ዳኛው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ነበር።

አንድ የብስኩት ቆርቆሮም ነበረው። ሁለቱ ዳይሶች ሲወረወሩ ሁለቱም አንድ ካወጡ ቆርቆሮው ይከፈታል። ውስጡ ለቅሶ ነው። አስከሬን በቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከኋላ የሚከተሉ ሴቶች። በእኛ አገር ሰርገኛ መንገድ ላይ ለቅሶ ካጋጠመው ከበቅሎው ይወርዳል፤ ዘፈኑን ያቆማል፤ አስከሬኑ እስኪያልፍ ዳር ይዞ ይቆማል። በጨዋታውም ሰርገኛው ወርዶ ተራው ያልፈዋል።

«ምነው ሰርግ ውስጥ ለቅሶ ከተትህ?» ብዬው ነበር።

«መንገድ ነዋ፣ ደሴ። መንገድ ላይ ሁሉም አለ።»

ስሜ ደሳለኝ ነው። እሱ ደሴ ይለኝ ነበር።

አዳነ ስመኝ የምትባል ልጅ አጭቶ ነበር። የትክል ድንጋይ ልጅ ናት፤ ፒያሳ ልብስ ትሰፋለች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ቀን ተቆርጦ፣ እኔ አንደኛ ሚዜ ልሆን ጫማ ሁሉ ገዝቼ ነበር። አዳነ የስመኝን ወላጆች ሊጠይቅ ትክል ድንጋይ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረባት ማኪና መታጠፊያ ላይ ተገለበጠች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ሳያገባ ስለሞተ ሴቶቹ በሰርግ ዜማ ነው ያለቀሱለት። «ሙሽራው» እያሉ። ያን ዜማ እስካሁን ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ለቅሶው ቤት በየቀኑ ከሚመጡት አንዱ ሐሚድ ነው። የሐሚድ ቤተሰብ ከአያቶቹ ጀምሮ ጎንደር ጨርቅ ይሸጣል። የአዳነ የልብ ጓደኛ ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ «የጠረጴዛ ጨዋታ ቀን» የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ቼዝ፣ ዳማ፣ ገበጣ፣ ካርታ፣ ጥቂት ተማሪዎችና ጥቂት ሥራ የፈቱ ባጃጅ ነጂዎች። መካከል ላይ ግን የአዳነ ጠረጴዛ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ዕለቱ ሲቃረብ ሐሚድ ከጎኔ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደሴ፣ ይቅር በለኝ፣ መጠየቅ አለብኝ» አለ። «ጠረጴዛውን ምን ላድርገው? ለሌላ ልስጠው ወይስ ባዶውን ይቀመጥ?»

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት አያ ታከለ ሰሙት። አያ ታከለ የአባቴ ወንድም ናቸው። ለለቅሶው ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተው እስከ አርባው እኛ ጋር ነበሩ።

«ምን አልህ? ጨዋታ? አርባው ሳይወጣ? ምነው እናንተ የከተማ ልጆች! ጥቁር ለብሶ ዳይስ ሊወረውር!»

ሐሚድ አንገቱን ደፋ። «አያ፣ የሱ ሥራ ስለሆነ ነው እንጂ…»

«ሥራ? የጭቃ አሻንጉሊት?»

እማ ከጥጓ ቀና አለች። «የልጄ ሥራ ነው» አለች። «ይሂድ።»

አያ ታከለ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «እኔ አልከለክልም። አላይም ግን።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርሁም። ስሄድ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ። ሙሽራዋ ትደርሳለች። በእውነቱ ያልሆነው ቢያንስ በኮምፔርሳቶው ላይ አንድ ጊዜ ይሆናል። ሳይመሽ ትገባለች፣ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ይቀበላታል፣ ከዚያ ሁሉንም ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ለዚህ ብዬ ሰዎቹን ስሸክፍ የብስኩቱን ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ተውሁት። አልረሳሁትም። አየሁትና ተውሁት።

አዳነ «ዳኛ ከሚያዳላ ጭቃው ቢፈርስ ይሻላል» ይል ነበር። ይህንንም አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሐሚድ ማኪና ኮምፔርሳቶዎቹን ጭነን ሄድን። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ተራራዎቹን ገጠምሁ፣ ወንዙን ዘረጋሁ፣ ሙሽራውን ጎንደር በር ላይ አቆምሁት። ስቸኩል አንዱን ሚዜ ጣልሁትና ጃንጥላው ተሰበረ። ሐሚድ አንሥቶ በኪሱ ከተተው። «እኔ እለጥፈዋለሁ፣ አብሽር።»

የመንገዱ ወገን አለቃ ሊሆን የተቀመጠው ቢኒያም የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ምላሱ የማታርፍ ሰው ነው። ወንበሩን ስቦ፣ «የዛሬውን ሰርግ ጉም አልብሼ አርማጭሆ ጫካ ነው የማሳድረው» አለ። ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየና ምላሱን ነከሰ። «ይቅርታ ወንድሜ። አፌ ፍሬን የለውም።»

«ተጫወት» አልሁት። «እሱም እንዲህ ሲባል ነው የሚወደው።»

በሰርገኛው ወገን ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች ተቀመጡ። አንድ ወንበር ቀረ። ሐሚድ ወደ በሩ ሲያይ እኔም ዞርሁ። ስመኝ ናት። ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሚድ ጆሮዬ ሥር፣ «እኔ አልጠራኋትም። ራሷ ጠይቃኝ ነው» አለኝ።

መጣችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አላልኋት። በሁለታችን መካከል መንገዱ ተዘርግቷል። የሷን አገር በጄሶ ተሠርቶ አየችው። ጣቷን ትክል ድንጋይ ላይ አሳረፈችና «በቅሎዋን እኔ ልያዝ» አለች።

ጧፉን ለኮስሁ።

መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበር። ዳይሱ ለሰርገኛው ያደላ መሰለ። ቢኒያም ጉም ሲያለብስ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ «እትዬ ስመኝ፣ ንጂያት! ንጂያት!» ይላሉ። እኔ በየተራው እጄን ዘርግቼ ከበቅሎዋ አፍንጫ እለካለሁ፤ ስመኝ ሙሽራዋን ታስጠጋለች። እንዲህ እንዲህ ሄድን።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። አዳነ መንገዱ ላይ ትንንሽ ጠጠሮች ለጥፎ ነበር። ማረፊያ ብሎ ነበር የሚጠራቸው። እሱ ሲያጫውት በቅሎዋ መንገዱ ጠርቶላት በሄደች ቁጥር ልክ ጠጠሩ ላይ ነበር የምታርፈው። ዛሬ ጠጠሩ ጋ አልደረሰችም። ትንሽ ይቀራታል። በሚቀጥለው ተራ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ይቀራታል። ሐሚድም አይቶታል።

«ደሴ፣ ባለፈው ዓመት ይሄን ያህል ጧፍ ሲቀር ድልድዩን አልፈው ነበርኮ» አለኝ።

እጄን አየሁት። መንገዱ የተሠራው በሱ እጅ ነው። ተራራው፣ ወንዙ፣ ማረፊያው፣ የጧፉ ቁመት ሳይቀር በሱ ስንዝር የተለካ ነው። በእኔ እጅ መንገዱ ረዝሟል። በእኔ እጅ ሙሽራዋ አትደርስም።

ምን ላድርግ? ጣቶቼን ለጠጥሁ። አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ እስኪያቃጥለኝ ዘረጋሁ። በቅሎዋ ጠጠሩ ላይ ደረሰች። በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረግሁ። ላቤ ኮምፔርሳቶው ላይ ጠብ አለ። ቢኒያም አንገቱን አዘነበለ።

«ዳኛ፣ እጅህ እያደገ ነው እንዴ? ጠዋት ሲጀመር ትንሽ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ቢኒያም ዳይሱን ወረወረ። አንዱ አንድ ላይ ቆመ። ሌላው ተንከባሎ ተንከባሎ ተራራው ሥር ሄዶ አረፈ። እሱም አንድ።

«ሁለት አንድ! ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ባዶ ነው» አልሁ። «ምንም የለውም። እለፉ።»

ሐሚድ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፤ አፉን ሊከፍት አለና ተወው። የጧፉ ነበልባል ወደ ታች ወርዷል፤ ግን ጎንደር ቀርባለች። ሁለት ሦስት ተራ ብንጨምር ትገባለች። ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ይታየኛል። አዳነ ለሙሽራው የራሱን ፊት አላወጣለትም ነበር፤ ዝም ብሎ ሙሽራ ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ማንን እንደማይ እናንተ ታውቃላችሁ።

በዚህ መካከል አዳራሹ ጸጥ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያሉት ዳማ ተጫዋቾች ዝም አሉ፣ ከዚያ ቼዞቹ። ቀና ስል አያ ታከለ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከደረጃው የተነሣ እያለከለኩ። ሰው ሁሉ ለሐዘንተኛ ሽማግሌ መንገድ ለቀቀ።

ሊወስዱኝ የመጡ መሰለኝ። ጠረጴዛውን በዱላቸው ጠርገው የሚጥሉት መሰለኝ። ከመንገዱ ፊት ቆምሁ።

«አያ ታከለ፣ እባክዎ ሊያልቅ ነው…»

«ቆይ፣ ልተንፍስ።» ተነፈሱ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ። የብስኩቱ ቆርቆሮ ነው። «እናትህ ረስቶት ሄደ ብላ ላከችኝ። እንቢ ብላት አለቀሰች። በእግሬ ነው የመጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ መጣ፣ ምንድን ነው?»

ቢኒያም ወንበሩን ለቀቀላቸው። «አያ፣ ይቀመጡ። ባጃጄ ከታች ቆማለች፤ ሲመለሱ በነፃ አደርስዎታለሁ።»

«ሦስት እግር ያለው ከብት ላይ አልወጣም» አሉ አያ ታከለ። ተቀመጡ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። አምባ ጊዮርጊስ ለኖረ ሰው ጉም አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ባዘቶው ገደሉ ላይ የተኛበትን ሲያዩ ጣታቸውን ሰደዱና ነካ አድርገው መለሱ።

«ይሄን እሱ ነው የሠራው?»

«አዎ፣ አያ።»

«አላሳየኝም ነበር» አሉ። «አልጠየቅሁትም።»

ተራው የስመኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፣ ለጠጥሁት። አያ ታከለ አንጓዬን ያዙኝ።

«እጅህን ምን ሁነህ ነው የምትገነጥለው?»

«ስንዝሬ አይደርስም።»

«የማን ሊደርስ?»

ጎንደር በር ላይ የቆመውን ሙሽራ አየሁ። ገባቸው። እጄን ለቀቁትና ቀስ ብለው፣ «አይደርስም፣ ልጄ» አሉ። «እኔም የአባትህን ያህል ደርሼ አላውቅም። ወንድሜ ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ በሱ ፈንታ እያረስሁ አሁንም አልደርስም።»

ከትምህርት ቤት ልጆቹ አንዷ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ስባ ከፈተችው። ቃሬዛውን አየች። ሴቶቹን አየች። «ይሄ መቼ ነው የሚገባው?» አለች።

ሐሚድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሁለት አንድ ሲወጣ» አለ።

«ወጥቶ ነበርኮ!» አለች ልጅቷ። ወዲያው አፏን ያዘች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ቢኒያም ቀልድ ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጨመረም። ጧፉ ጣት የምታህል ቀርታ ነበር። አሁን ለቅሶው ከገባ ሰርገኛው ይቆማል፤ ከቆመ ይመሻል፤ ከመሸ አትደርስም። ቆርቆሮውን ልዘጋው እጄን ሰደድሁ።

«አስገባው፣ ደሴ» አለች ስመኝ።

«ልትደርስ ነው፤ ትንሽ ነው የቀራት…»

«አውቃለሁ የት እንደቀራት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አስገባው። አንተ ለእኔ ብለህ መንገዱን አትቀንሰው።»

አስገባሁት። ቃሬዛውን የተሸከሙትን አንድ በአንድ አወጣሁ። የሚገቡበትን ቦታ የሚወስነው ዳይስ ነው፤ ጣልሁትና መታጠፊያው ላይ ወደቀ። ሌላ ቦታ ላኑራቸው ብል ኖሮ ማንም አይከለክለኝም ነበር። መታጠፊያው ላይ አቆምኋቸው። ሴቶቹን ከኋላ ደረደርሁ።

«ውረዱ» አሉ አያ ታከለ።

ልጆቹ ግራ ገባቸው። «ማን፣ አያ?»

«ሰርገኞቹ ናቸዋ! አስከሬን ሲያልፍ በበቅሎ ላይ ነው? የማን ልጆች ናችሁ? ውረዱ!»

ልጆቹ ሚዜዎቹን ከበቅሎዎቻቸው አወረዱ። ቢኒያም ኮፍያውን አወለቀ። ስመኝ ሙሽራዋን በሁለት ጣቷ አንሥታ ከነጭዋ በቅሎ አወረደቻት። መንገዱ ዳር ታቆማታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እሷ ግን አላቆመቻትም። ጉሙን በእጇ ጀርባ ገፋ አድርጋ፣ ወደ መታጠፊያው ይዛት ሄደች፤ ከቃሬዛው ኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል አቆመቻት። በቀይ ካባዋ።

ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም። የሚከለክልም የለም። ዳኛው እኔ ነኝ፣ እኔም ምንም አላልሁም።

አንዷ ልጅ ሚዜዋን አንሥታ ከሙሽራዋ አጠገብ አደረገች። ሌላዋም ተከተለች። ቢኒያም የመንገዱ ወገን ስለሆነ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አልነበረውም፤ ጉሙን ሰብስቦ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። ሐሚድ ከኪሱ ጃንጥላው የተሰበረውን ሚዜ አውጥቶ በመጨረሻ፣ ከሁሉም ኋላ አኖረው። ከዚያ አያ ታከለ ተነሡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው፤ በዚያ በቼዝና በካርታ አዳራሽ መካከል ድምፃቸውን አወጡ፦

መንገዱ ቢረዝም ሙሽራው ቀደመ፣
ሚዜው ከኋላ ነው ቆሞ የደከመ።

ሰው ሁሉ ቆመ። ጧፉ መቼ እንደጠፋ አላየሁም። ጭሱ ሲሸተኝ ነው ያወቅሁት። ስመኝ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ለቅሶው ቤት ያላለቀስነውን እዚያ አለቀስን።

ወደ ቤት የተመለስነው በቢኒያም ባጃጅ ነው። አያ ታከለ ስመኝን ከጎኔ አስቀምጠው፣ «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» ብለው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ብረቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ነበር።

እማ በሩ ላይ ጠበቀችን። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እኛ አልነበረም።

«ደረሰች?»

«አልደረሰችም፣ እማ።»

«ታዲያ የት አደረች?»

ቆርቆሮውን ሰጠኋት። ከፍታ ቀይዋን ሙሽራ ከሐዘንተኞቹ መካከል ስታያት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማ፣ የረሳሁት መስሎሽ ነው የላክሽው?»

«አንተ አትረሳም። ሆን ብለህ ነው የተውኸው።»

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂ ነበር?»

ከሴቶቹ አንዷን አወጣች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ የጫነችውን። «ይቺን ሲሠራ ማንን አስቀምጦ ያየ መሰለህ? ‹እማ፣ እጅሽን እንዲህ አድርጊ› አለኝ። ‹ምነው ልጄ፣ ያለ ለቅሶ እጅ ራስ ላይ አይጫንም› አልሁት። ‹ለጨዋታ ነው› አለኝ። ሳቅን። አደረግሁለት።» ምስሏን መልሳ አስገባች። «የሰው ሥራ ጎድሎ አደባባይ አይወጣም፣ ደሳለኝ። በተለይ የሞተ ሰው ሥራ።»

ቆርቆሮውን ዘግታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ትልቅ ነገር አልሆነም፤ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ፎቅ ላይ የጭቃ ሰዎች ቆሙ። ግን እኔ ከዚያ ቀን በፊት የነበርሁት ሰው አይደለሁም። ወንድሜን የምወደው በሱ ቦታ ገብቼ፣ የሱን ያህል ተለጥጬ፣ ያቋረጠውን ስጨርስለት ይመስለኝ ነበር። ከእናንተ መካከልም በሟች ወንድሙ ወይም በሟች እኅቱ ስንዝር የሚለካ ካለ፣ እጁ እንደሚያቃጥለው አውቃለሁ። ልቀቁት አልላችሁም፤ እኔም ወዲያው አልለቀቅሁትም። አንድ ሽማግሌ መጥቶ አንጓችሁን ሲይዛችሁ ግን አትቆጡ።

ሐሚድ በየዓመቱ ጠረጴዛውን ያቆምልኛል፤ እኔም አጫውታለሁ። መንገዱን አላሳጠርሁትም። ጠጠሮቹንም አላነሣኋቸውም፤ የሱ ማረፊያዎች ናቸው። ጧፉን ነው ያስረዘምሁት። ቆርቆሮውን ደግሞ አልረሳውም።

ሙሽራዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረችው ቆርቆሮው ውስጥ ነበር። ከሐዘንተኞቹ ላወጣት እጄ እንቢ ስለሚለኝ፣ በኋላ ሳጫውት በቅሎዋ ላይ የምትቀመጠው ሌላ፣ በደንብ ያልተሠራች፣ እኔ ያድበለበልኋት ሙሽራ ነበረች።

ባለፈው ክረምት ስመኝ ቤታችን መጣች። ጥቁር አልለበሰችም። እማ ፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ትጎነጉናለች፤ ትጀምርና ታቋርጣለች። እማ ሌላ ሰው እንዳጫት ቀድማ ሰምታ ኖሯል።

«ሸጋ ልጅ ነው ይላሉ» አለቻት።

ስመኝ አቀረቀረች። «አንቺ ሳትመርቂኝ አልሄድም።»

እማ ተነሥታ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደች። ከሐዘንተኞቹ መካከል ቀይዋን ሙሽራ አወጣቻት፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራዋን ጠረገቻት። «በቅሎዋን አምጣ» አለችኝ። አመጣሁ። በቅሎዋ ላይ አስቀመጠቻት፤ እንዳትወድቅ ትንሽ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀቻት።

«በይ ሂጂ፣ ልጄ» አለች። «ሳይመሽብሽ።»